ቤት ስንሠራ የማዘጋጃ ቤት ክፍያ ከየት ይምጣ?

(በሬዲዮ ዝግጅታችን የቀረበ ትምህርት፤ ለንባብ እንዲመች ተደርጎ የተዘጋጀ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን። 

ቤት ስለመሥራት የሚደርሱን ጥያቄዎች ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ ስለ ወለድ ናቸው፤ ጥቂቶቹ ስለ ጎረቤት ሐቅ ይጠይቃሉ። ስለ ማዘጋጃ ቤት ክፍያ የሚጠይቀን ሰው ግን ከስንት አንድ ነው፤ እሱም የሚጠይቀን ግድግዳው ከቆመ በኋላ ነው።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ከዐስር ሶላት በኋላ አንድ ወጣትና አጎቱ እኛ ዘንድ መጡ። የወጣቱ እኅት ጂዳ በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። «እማማ የምታርፍባት ሁለት ክፍል ትሠራላት» ብላ ለዓመታት ያጠራቀመችውን ትልካለች። ወንድምም ከሟች አባታቸው ቤት ጎን፣ እዚያው ግቢ ውስጥ ሥራውን ጀመረ። ሲጀምር ለእኅቱ በስልክ የነገራት ሂሳብ ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠር፣ ብሎኬት፣ ብረት፣ ቆርቆሮ፣ የግንበኛና የአናጺ እጅ ነበር። እሷም ያንኑ ያህል ላከች። ግድግዳው መስኮት ላይ ሲደርስ የወረዳው ሰዎች መጥተው የግንባታ ፈቃድ ጠየቁ። ፈቃድ የለም። ሥራው ቆመ፤ ብሎኬቱም ላይ ቀይ ቀለም ተቀባበት።

ወጣቱ እኅቱን ዳግመኛ ገንዘብ መጠየቅ አሳፈረው። «ሂሳቡን ጨርሰህ ነግረኸኝ አልነበር ወይ?» እንዳትለው ፈራ። በዚህ መሐል «ጉዳይ አስፈጽማለሁ» የሚል አንድ ሰው አገኘና ለብረት ከተላከው ገንዘብ ላይ 40 ሺህ ብር አንስቶ ሰጠው። ሰውዬው ከዚያ ወዲያ ስልኩን አላነሳም። እኅት ደግሞ የላከችውን ከደረሰኞቹ ጋር ስታስተያይ 40 ሺህ ብር ጎደለባት። ወንድም የት እንደገባ ማሳየት አልቻለም፤ ለጉቦ ደረሰኝ አይሰጥምና። አጎትየው ይዞልን የመጣው ጥያቄ «ልጁ አማና በልቷል ወይስ አልበላም?» የሚል ነበር።

ወደ መልሱ እንመለሳለን። ለጊዜው ግን አንድ ነገር እናስተውል። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ የጎደለው ገንዘብ አልነበረም፤ እኅትየው ከመጀመሪያው ብትጠየቅ ኖሮ ትልክ ነበር። የጎደለው በሂሳቡ ወረቀት ላይ አንድ መስመር ነው። ያ መስመር ባለመጻፉ እኅትና ወንድም ተኳረፉ፣ ሐራም ተሠራ፣ ግድግዳውም ቆሞ ቀረ።

አንዳንድ ሰው ወጪን አስቀድሞ ማስላት የተወኩል ማነስ ይመስለዋል። «ቢስሚላህ ብለን እንጀምረው፤ አላህ ይጨርሰዋል» የሚባለውን ስንቴ ሰምተናል! አላህ እንደሚጨርሰው አንጠራጠርም። ነገር ግን ነቢዩላህ ዩሱፍ (ዓ.ሰ.) የንጉሡን ሕልም ከፈቱ በኋላ ያደረጉትን እናስታውስ። ሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ሳያልፉ እህሉ ከነዛላው እንዲከማች፣ ለምግብ የሚሆነው ጥቂቱ ብቻ እንዲወጣ አዘዙ። ከእሳቸው የበለጠ ተወኩል ያለው ማን አለ? እኛ ደግሞ የሚመጣውን ለማወቅ ሕልም ፈቺ አያስፈልገንም፤ ወረዳው ድረስ ሄዶ መጠየቅ ይበቃል።

ክፍያዎቹ ምን ምንድን ናቸው?

በሀገራችን በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ማንም ሰው ከከተማው የሕንፃ ሹም ፈቃድ ሳያገኝ እንዳይገነባ ደነገገ። አዲስ ቤት ብቻ አይደለም፤ ነባር ቤት ማስፋትም፣ መለወጥም፣ አገልግሎቱን መቀየርም ፈቃድ ይጠይቃል። አዋጁ ሕንፃዎችን «ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ» ብሎ በሦስት መደበ። አነስተኛው መኖሪያ ቤት በ«ሀ» ሲመደብ፣ ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውና ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ በ«ሐ» ገባ። ምድቡ ከፍ ባለ ቁጥር የሚጠየቀው ዲዛይንና ቁጥጥር ይጨምራል፤ ወጪውም እንደዚያው። ታዲያ ምድር ላይ የታሰበ ቤት መሐል ላይ «ፎቅ እንጨምርበት» ሲባል የሚጨምረው ብረትና ሲሚንቶ ብቻ እንዳልሆነ ልብ በሉ።

ብዙ ሰው ክፍያ ሲባል ለፈቃዱ የሚከፈለው ብቻ ይመስለዋል። ለፈቃዱ የሚከፈለው አብዛኛውን ጊዜ እንደ ቤቱ ስፋት፣ ከፍታና አገልግሎት የሚሰላ ሲሆን ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር ትልቁ ላይሆን ይችላል። ቤተሰብን ድንገት የሚይዘው ከፈቃዱ በፊት ያለው ነው።

ካርታውን አውጥታችሁ ተመልከቱ። በማን ስም ነው? ካርታው ላይ የተጻፈው ካሬ ሜትር መሬት ላይ ካለው አጥር ጋር ይገጥማል? ካልገጠመ ቀያሽ ይመጣል፣ ልኬት ይደረጋል፣ ለዚያም ይከፈላል። በነገራችን ላይ ይህን ክፍያ በደስታ ልንከፍለው ይገባል። ከሰው መሬት አንዲት ስንዝር በግፍ የወሰደ ሰው በቂያማ ቀን ከሰባት ምድር ድረስ በአንገቱ ላይ እንደሚጠለቅበት ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ ያስጠነቅቀናል። ቀያሹ ካስማውን ሲተክል ከዚህ እዳ ያወጣናል ማለት ነው።

ቀጥሎ ውዝፍ አለ። ዓመታዊው የቦታ ኪራይ፣ የቤት ግብር (በተለምዶ ጣሪያና ግድግዳ የምንለው)፣ ቦታው በሊዝ የተገኘ ከሆነም የሊዝ ክፍያ ያልተከፈለባቸው ዓመታት ካሉ፣ ጉዳያችንን ይዘን ስንቀርብ እሱ ይወጣል። በየዓመቱ ትንሽ የነበረው ከነቅጣቱ ተደራርቦ ይጠብቀናል። በሊዝ ቦታ የወሰዱ ወንድሞችና እኅቶች ደግሞ ውላቸውን አውጥተው ያንብቡ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ቅድመ ክፍያው ከጠቅላላው የሊዝ ዋጋ ከ10 በመቶ እንዳያንስ ከመደንገጉም በላይ ግንባታው የሚጀመርበትንና የሚጠናቀቅበትን ጊዜ ገድቧል። ጊዜው ሲያልፍ መዘዙ ቀላል አይደለም።

ከዚያ ዲዛይኑ አለ። ይህ ለመንግሥት የሚከፈል ባይሆንም ያለ እሱ ማመልከቻው አይታይም። ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይሥራው። አንዳንድ ከተሞች ለአነስተኛ ቤት የተዘጋጀ የቤት ፕላን ስለሚኖራቸው መጠየቅ አይከፋም፤ ብዙ ወጪ ያድናል።

ሥራው ከተጀመረ በኋላስ? ፕላኑን በመሐል ከቀየርን እንደገና ማጸደቅ አለ። ፈቃዱ የራሱ የጊዜ ገደብ ስላለው ሥራችን ከተጓተተ ማሳደስ አለ። አሸዋና ጠጠሩን መንገድ ላይ ከደፋን ቅጣት ይመጣል፤ ከቅጣቱ በፊት ግን የመንገደኛ ሐቅ አለ። ቤቱ ሲያልቅ ውሃና መብራት ለማስገባት ለየመሥሪያ ቤታቸው ይከፈላል።

ከሁሉም የሚረሳው የመጨረሻው ነው። የሰፋ ቤት ዓመታዊ ግብሩም ይሰፋል። በአዲስ አበባ በ2015 ዓ.ም. የጣሪያና ግድግዳ ግብር ስሌት ሲከለስ ስንቱ ጡረተኛ ደንግጦ ወደ ወረዳ እንደሮጠ የምናውቀው ነው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅ አጽድቋል። እንግዲህ «ሁለት ክፍል ጨምሬ አከራያለሁ» የሚል ሰው የኪራዩን ገቢ ሲያሰላ የኪራይ ገቢ ግብሩንና ዓመታዊውን የቤት ግብር ቀንሶ ያስላ።

ብሩን በዝርዝር ለምን አትነግሩንም እንደምትሉን እናውቃለን። ተመኑ ከከተማ ከተማ ይለያያል፤ የደሴው ለጅማ፣ የጅማው ለአዲስ አበባ አይሆንም። በየጊዜውም ይከለሳል። ዛሬ የምንነግራችሁ ቁጥር ነገ ሊያሳስታችሁ ይችላል። ራሳችሁ ሂዱ፤ ተመኑን ጠይቃችሁ የጠየቃችሁበትን ቀን ጭምር በወረቀት ላይ ጻፉት። ከጎረቤት የተሰማ ሂሳብ ሂሳብ አይደለም፤ ጎረቤታችን የከፈለው ከአምስት ዓመት በፊት ሊሆን ይችላል። በእኛ አስተያየት ደግሞ ከተጻፈው ድምር ላይ ሩቡን ያህል ጨምሮ መያዝ ይሻላል፤ ውዝፍና ልኬት የሚባሉት ነገሮች ዘግይተው ስለሚመጡ።

ገንዘቡ የት ይቀመጥ?

እዚህ ላይ ጠለቅ ብለን እንነጋገር፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው።

አልሐምዱሊላህ፣ በሀገራችን ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች ሥራ ጀምረዋል፤ በሌሎች ባንኮችም አገልግሎቱ በመስኮት ይሰጣል። ብዙ ቤተሰብ የግንባታ ዕቃ በሙራባሓ ማግኘት ጀምሯል። ነገር ግን የሙራባሓ ምንነት መታወቅ አለበት። ባንኩ ሲሚንቶውን ወይም ብረቱን ገዝቶ የራሱ ካደረገ በኋላ በታወቀ ትርፍ ለእኛ ይሸጣል። የሚሸጥ ዕቃ ከሌለ ሽያጭ የለም። የፈቃድ ክፍያ፣ የግብር ውዝፍ፣ የቀያሽ ክፍያ ዕቃ አይደሉም፤ ተገዝተው አይሸጡም። በእነሱ ስም ጥሬ ገንዘብ ወስዶ ጨምሮ መመለስ ስሙ ቢለወጥም ወለድ ነው። ስለዚህ ለማዘጋጃ ቤት የሚከፈለው ከራሳችን ኪስ፣ በጥሬው፣ ከመጀመሪያው ተለይቶ መቀመጥ አለበት። ብሩን ሁሉ በብሎኬት ላይ አውሎ ለክፍያ ባዶ እጁን የሚቀር ሰው ከፊቱ ያሉት በሮች ሁለት ናቸው፤ ወይ ወለድ፣ ወይ ጉቦ።

በቂ ከሌለስ? ዕቁብ ያለው ዕጣው የሚደርሰውን ወር ከማመልከቻው ጋር ያስማማ። ዘመድ ያለው ቀርዱል ሐሰን ይጠይቅ፤ ሲበደር ግን ይጻፍ። በቁርኣን ውስጥ ከአንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፣ የሱረቱል በቀራህ 282ኛው አንቀጽ፣ ስለ ሶላትም ስለ ጾምም አይደለም፤ ዕዳ ስለመጻፍና ስለማስመስከር ነው። «ወንድሜ ነው፣ ምን ወረቀት ያስፈልጋል» የምንል ሰዎች ይህ ሊያስገርመን ይገባል።

ሌላም የሚረሳ ነገር አለ፤ ዘካ። ለቤት መሥሪያ ተብሎ የተቀመጠ ገንዘብ ኒሳብ ከሞላና አንድ የሒጅራ ዓመት ከዞረበት አብዛኞቹ ዑለማዎች ዘካ አለበት ይላሉ። ኒሳቡ የ85 ግራም ንጹሕ ወርቅ ዋጋ ነው፤ የሚወጣው 2.5 በመቶ። «ገና ቤት አልሠራሁ፣ እኔው ችግረኛ ነኝ» ማለት አያስቀረውም። ሁለት ሦስት ዓመት የሚያጠራቅም ሰው በየዓመቱ የሚወጣውን ዘካ ከበጀቱ ውስጥ ያግባ። ዘካ ገንዘብን አያጎድልም፤ ባልታሰበበት ጊዜ ግን ሂሳብን ያዛባል።

«ክፍያው ራሱ ሐላል ነው ወይ?»

አንዳንዶች «ይህ ሁሉ ክፍያ በሐዲስ የተወገዘው መክስ ነው፤ ብንሸሸው ምን አለበት?» ይላሉ። የተወገዘው ከሰው ላይ ያለ ሐቅ የሚቀማው ነው። ፕላን መርምሮ፣ ወሰን ለክቶ፣ ቤታችን በጎረቤት ላይ እንዳይወድቅ ተቆጣጥሮ የሚከፈል ግን የአገልግሎት ዋጋ ነው። ተመኑ በዝቷል የሚል ሰው አቤቱታ ያቅርብ፤ በዝቷል ማለት ግን ለመደበቅ ፈቃድ አይሆንም።

ጉቦን በተመለከተ ሰጪውም ተቀባዩም መረገማቸው አቡዳውድና ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ ተነግሯል። ይህን የማያውቅ ሙስሊም የለም። የሚመጣልን ጥያቄ ሌላ ነው፦ «ሐቄን ከልክለውኝ ሌላ መንገድ ባጣስ?» ዑለማዎች የተነፈገውን የራሱን ሐቅ ለማስመለስ፣ የማንንም ሐቅ ሳይነካ፣ ሌላ መንገድ ሁሉ ተዘግቶበት የሰጠ ሰው ወንጀሉ በተቀባዩ ላይ ነው ያሉ አሉ። አልደበቅናችሁም። ነገር ግን ይህን ፈትዋ እየጠቀሱ የሚመጡልንን ሰዎች ስንጠይቃቸው ብዙዎቹ ፈቃድ አልጠየቁም፣ ወይም ከተፈቀደላቸው በላይ ሠርተዋል፣ ወይም ሰልፉ ሰልችቷቸዋል። ይህ ሐቅን ማስመለስ አይባልም። የሌላውን ተራ መውሰድ ነው። በር በእውነት የተዘጋበት ሰው በጽሑፍ አመልክቶ፣ ቁጥር አስይዞ፣ መልስ ካላገኘ ወደ ቀጣዩ የበላይ ኃላፊ ይሂድ። ያድክማል፤ እናውቃለን። እኛም ለመስጊድ ጉዳይ ተመላልሰን አይተነዋል።

ክፍያ ስንፈጽም በባንክ ወይም በቴሌብር ቢሆን ይመረጣል፤ ማስረጃው ይቀራል። ሕጋዊ ደረሰኙን ተቀብለን በአንድ ፋይል እናስቀምጥ፤ ፋይሉ የት እንዳለ ባልም ሚስትም ይወቁት። አባወራው ድንገት ሲሞት ወይም ሲታመም ደረሰኝ ፍለጋ ፍራሽ የሚገለብጡ እናቶች አይተናል።

ወደ ወጣቱና እኅቱ ጉዳይ እንመለስ

ወጣቱ ገንዘቡን ለራሱ አልበላውም። ይህን ለአጎቱም፣ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገን ለእኅቱም ነገርናቸው። ነገር ግን ወጣቱ ወኪል ነው። ወኪል በተወከለበት ጉዳይ ላይ ያለ ጥፋቱ ቢጎድልበት አይጠየቅም፤ ካልተፈቀደለት ነገር ላይ፣ ያውም ሐራም በሆነ ነገር ላይ ካዋለው ግን ይተካል። 40 ሺሁ በእሱ ላይ ነው አልን። ተቀበለ።

እኅትየው የጠየቀችን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «አሁን ትክክለኛው ስንት ነው?» አለች። አጎትየውና ወጣቱ ወረዳ ሄደው ዝርዝሩን ይዘው መጡ። የመጀመሪያው መስመር ፈቃዱ አልነበረም። ካርታው ከሞቱ ዘጠኝ ዓመት በሞላቸው አባት ስም ነው! በሟች ስም ማን ያመልክት? መጀመሪያ ከሸሪዓ ፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ፣ ከዚያ የስም ዝውውር፣ ከዚያ የዘጠኝ ዓመት የግብር ውዝፍ፣ ከዚያ ነው ፈቃዱ። በፌዴራል ደረጃ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በ1992 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 188 የተጠናከሩ ሲሆን በክልሎችም ስላሉ ይህን ማውጣት የሚያስቸግር አይደለም። የሚያስቸግረው ዘጠኝ ዓመት መቆየቱ ነው።

ወራሾቹ እናትየው፣ አንድ ወንድና ሁለት ሴቶች ልጆች ነበሩ። ግቢው 32 ድርሻ ተደርጎ ሲታሰብ ለእናት ስምንተኛው፣ ማለትም 4፣ ለወንዱ 14፣ ለእያንዳንዷ ሴት 7 ይደርሳል። ወጣቱ ግቢው ሁሉ የእሱ ይመስለው ነበር። የሠራነው ክፉ ነገር አለ ብሎም አላሰበም፤ አብዛኛው ሰው እንዲሁ ነው የሚኖረው። ከድርሻው በተጨማሪ አዲሶቹ ክፍሎች የተሠሩት በጂዳዋ እኅት ገንዘብ መሆኑን፣ እናትየው በሕይወት እስካሉ ሊኖሩባቸው እንደሆነ፣ ሁለተኛዋ እኅትም መስማማቷን በጽሑፍ አደረግነው፤ አራት ሰው ፈረመበት። ይህን ወረቀት ለመጻፍ ያወጣነው ወጪ የለም።

ፈቃዱ ሲመጣ አንደኛው ግድግዳ ወደ ጎረቤት ወሰን ተጠግቶ ስለነበር ፈርሶ ወደ ውስጥ ገባ። ከጎረቤትየው ጋር ጠብ አልነበረም፤ ሰውዬው ፍርስራሹን ራሱ አነሳላቸው። አላህ ይውደደው። የብሎኬቱ ኪሣራ ግን የቤተሰቡ ሆነ።

ዛሬ አንደኛው ክፍል አልቆ እናትየው ገብተውበታል። ሁለተኛው ገና ቆርቆሮ አልለበሰም። ወጣቱ ከዕዳው በየወሩ 2 ሺህ ብር እየቀነሰ በእኅቱ ስም ያስቀምጣል፤ መዝገቡ አጎትየው ዘንድ ነው። ባለፈው ሳምንት ስንጠይቀው 14 ሺህ ደርሷል።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን ኢንሻአላህ ስለ ጋራ ግድግዳና ስለ ጎረቤት ሐቅ የደረሱንን ጥያቄዎች እንመለከታለን። ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።